የቫኪዩም ካፕ በድሬዳዋና በሐረር፦ መሣሪያው፣ ጌጁ፣ ከኮፍያው በታች የሚደበቀው ደም

ባለሙያው «ኪዊ» ይለዋል፣ ቤተሰብ «ልጁ በማሽን ተወለደ» ይላል፣ የግዢ ሰነዱ ደግሞ «በእጅ የሚሠራ የማዋለጃ ቫኪዩም» ብሎ ይመዘግበዋል። በሕፃኑ አናት ላይ በመሳብ ኃይል ተለጥፎ፣ እናቲቱ ስትገፋ ልጁን ለመጎተት የሚያገለግል፣ ካፑ፣ ፓምፑና ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ባንድ ላይ ተያይዘው በአንድ እጅ መዳፍ የሚሠሩበት፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት መሣሪያ ነው። ማወዳደሪያችን አሮጌው የብረት ካፕ ነው፤ ስዊድናዊው ማልምስትሮም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያወጣው፣ ሰንሰለት፣ ጠርሙስ፣ የጎማ ቱቦዎችና በእግር ወይም በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ያለው።

ፍርዳችንን ከፊት እንናገር፦ የእጁ መሣሪያ ይገዛ፣ ግን ብቻውን አይገዛ። በመሳብ በኩል የሚወቀስበት ነገር ጥቂት ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ከወጣ፣ ካፑ ከተጣለ፣ ሁሉም እፎይ ካለ በኋላ ነው። በራስ ቅሉ ቆዳ ሥር የሚፈሰው ደም ቀስ ብሎ ይጠራቀማል፣ ልጁም በዚያን ሰዓት ኮፍያ አድርጎ በጋቢ ተጠቅልሎ እናቱ ጎን ተኝቷል። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ መሣሪያው ግማሽ፣ ከመሣሪያው በኋላ ስላሉት ሰዓታት ግማሽ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት

ካፑ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር ነው። ከካፑ የሚወጣው ቀጭን ግንድ ይተጣጠፋል፣ ላዩ ላይ 6 እና 11 ሴንቲሜትር የሚሉ ምልክቶች አሉት። እጀታው ውስጥ ፓምፑ፣ ጌጁና አየር የሚለቀው ቁልፍ ተቀምጠዋል። የብረቱን ስትይዙ ግን አንድ ሰው ካፑን፣ ሌላ ሰው ፓምፑን መያዝ አለበት፤ ሌሊት ሁለት አዋላጅ ብቻ በሚያድሩበት ጤና ጣቢያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በመሣሪያ የታገዘ ማዋለድ ጤና ጣቢያ ሊሰጣቸው ከሚገቡት ሰባት መሠረታዊ የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎቶች አንዱ ስለሆነ፣ መሣሪያው ሆስፒታል ብቻ የሚቀመጥ አይደለም።

ከመጠቀም በፊት የሚደረገው ፍተሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ቀኑ ያላለፈ መሆኑ ይታያል። የጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ መቀመጡ ይታያል። ካፑን ጓንት ባደረገ መዳፍ ላይ ገጥሞ መርፌው ጌጁ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ክልል እስኪገባ መጭመቅ፣ ከዚያ ካፑ መዳፉ ላይ እንዳለ መጭመቁን አቁሞ መርፌውን ለአንድ ደቂቃ ማየት። ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ሌላ ይከፈት። ቁልፉ ሲነካ ደግሞ መርፌው ወዲያው መውደቅ አለበት፤ እየተንፏቀቀ የሚወርድ ቫልቭ አይታመንም።

በብረቱ ላይ አየር የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ከጠርሙሱ ክዳን ጎማ ነው፣ ቀጥሎ ከቱቦው ጫፍ። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ የጎማ ቱቦን ያደርቃል። ቱቦውን አጥፋችሁ ብርሃን ላይ እዩት፤ እንደ ደረቀ ኩሬ መሬት ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ ጊዜው አልፏል። የሲሊኮን ቱቦ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ በተጠጋ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ዕቃውን ማስቀመጥ ዕድሜውን መቁረጥ ነው።

መርፌው ሐረር ላይ ለምን አይደርስም

መመሪያው የሚለው ግፊት ከ450 እስከ 600 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ጌጁ ላይ አረንጓዴ የተቀባው። የብረቱ ጌጅ ብዙውን ጊዜ በኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር ያነባል፣ እዚያ ላይ 0.8 ማለት 590 ገደማ ሚሊሜትር ነው። ኪሎፓስካል የሚያነቡም አሉ፣ በእነሱ 80። ሦስት ዓይነት ጌጅ ባንድ ክፍል ካለ፣ እያንዳንዱ ላይ የዒላማው ቁጥር በፕላስተር ይለጠፍ። ሌሊት በድካም የሚሠራ ሰው አእምሮ ለስሌት አይደለም።

አሁን የከፍታው ነገር። ካፑ የሚያያዘው በውስጡ ያለው አየር ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚጫነው ነው። ባሕር ጠለል ላይ ያ አየር 760 ሚሊሜትር ይጫናል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 660 አካባቢ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ 605 አካባቢ ብቻ ነው። ማለትም ሐረር ላይ 600 ለመድረስ ከካፑ ውስጥ አየሩን ጨርሶ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ይህን የሚችል የእጅ ፓምፕ የለም። መርፌው 500ን አልፎ አልንቀሳቀስ ቢል ፓምፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የሐረር አየር ቀጭን ነው ማለት ነው። 500 አረንጓዴው ውስጥ ነው፣ ይበቃል፣ ሥራው ይቀጥል። 600ን ፍለጋ እጀታውን መጨማመቅ የሚበላው ደቂቃ ከልጁ ሰዓት ላይ ነው።

ልዩነቱ በክብደት ሲታይ ይህን ይመስላል። ባለ 5 ሴንቲሜትር ካፕ በ600 ሚሊሜትር የሚይዘው ጉልበት በስሌት 16 ኪሎ ገደማ ነው፣ በ500 ደግሞ 13 ኪሎ። ሐረር ላይ ካፑ ከመላቀቁ በፊት የሚችለው ጉልበት በ3 ኪሎ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ ድሬዳዋ ላይ የያዘው ሐረር ላይ ሊለቅ ይችላል። መፍትሔው ቦታውን በትክክል መያዝና አቅጣጫውን አለመሳት ነው። የሻጭ ወረቀት ይህን አይነግራችሁም፤ መሣሪያውን ነጥብ ካስቆረጥንበት ነገር አንዱ ይኸው ነው።

ካፑ የት ይቀመጣል

ቅድመ ሁኔታውን ሁሉም ስለሚያውቀው ባጭሩ፦ ሕፃኑ በአናቱ የመጣ፣ እርግዝናው ቢያንስ 34 ሳምንት የሞላ፣ የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፣ የእንሽርት ውሃው የፈሰሰ፣ ጭንቅላቱ በሆድ በኩል ሲዳሰስ ከአምስት ሁለት እጅ ያልበለጠ፣ የሽንት ፊኛ ባዶ። በፊቱ ወይም በግንባሩ ለመጣ ልጅ ካፕ የለም። በቤተሰቡ የደም አለመርጋት በሽታ እንዳለ የታወቀም እንዲሁ።

ቦታው ግን ባጭሩ አይታለፍም፣ ምክንያቱም በራስ ቅል ቆዳ ሥር ለሚፈሰው ደም ትልቁ መነሻ እዚህ ነው። በጣት የኋላውን እርግብግቢት ፈልጉ፤ ትንሹን፣ ሦስት ማዕዘኑን። ከዚያ በራስ ቅሉ አጥንቶች የመሐል መጋጠሚያ መስመር ላይ 3 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ሂዱ። የካፑ መሐል የሚያርፈው እዚያ ነው። በትክክል ከተቀመጠ በካፑ ጠርዝና በፊተኛው እርግብግቢት መካከል ሁለት ጣት ይገባል። እዚያ ላይ ሲጎተት አገጩ ወደ ደረቱ ይታጠፋል፣ ጭንቅላቱም በጠባቡ ልኩ ያልፋል። ወደ ፊት ከመጣ አንገቱ ቀና ይላል፣ ወደ ጎን ከሄደ ጭንቅላቱ ይጋደላል፤ በሁለቱም ሰፊው ልክ ስለሚመጣ ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃል። ያ ጉልበት ደግሞ አጥንቱን ሳይሆን ቆዳውን ነው የሚጎትተው።

የጭንቅላቱ እብጠት እርግብግቢቱን ሲሸፍነው ቦታውን መሳት ቀላል ነው። ግንዱ ላይ ያሉት 6 እና 11 ቁጥሮች የተጻፉት ለዚህ ነው። የመሐል ጣት ከጫፉ እስከ መካከለኛው አንጓ 6 ሴንቲሜትር፣ እስከ መዳፉ አንጓ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ጣታችሁ ትክክለኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደገባ አይታችሁ፣ ካፑ ስንት መግባት እንዳለበት ከግንዱ ታነባላችሁ። የልጁ ፊት ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ከሆነ ካፑ ርቆ ወደ ኋላ መግባት አለበት፤ እዚህ ላይ የሚተጣጠፈው ግንድ እንደ ደወል ካለው ለስላሳ ካፕ በእጅጉ ይበልጣል። ለስላሳው ካፕ በቆዳው ላይ ከብረቱ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል፣ ግን ቶሎ ይለቃል፣ ርቆ ወደ ኋላ ወዳለው ነጥብም አይደርስም።

መጀመሪያ ግፊቱን ወደ 150 አድርሳችሁ አቁሙ። ጣት በካፑ ዙሪያ ሙሉ ክብ ይዙር፤ የእናትየው ሥጋ ከተያዘ መቀደዱ አይቀርም፣ ካፑም አየር ያስገባል። ንጹሕ ከሆነ ባንድ ጊዜ ወደ አረንጓዴው ይወጣል። በድሮው አሠራር በየ2 ደቂቃው በ0.2 ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር እየጨመሩ መውጣት ነበር። ባንድ ጊዜ መውጣት በልጁ ላይ ጉዳት እንዳልጨመረ፣ ጊዜም እንደቆጠበ በጥናት ታይቷል።

መጎተቱ ምጡ ሲመጣ፣ እናቲቱ ስትገፋ ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች «ግፊ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ለኦሮምኛ ተናጋሪዋ «ዺቢ»፣ ለሶማሊኛ ተናጋሪዋ «ሪሕ» ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ያልተገፋበት ጉተታ ሸክሙን ሁሉ በልጁ ቆዳ ላይ ይጥላል። አቅጣጫው መጀመሪያ ወደ ታች ነው። ለዚህም አዋላጁ ዝቅ ማለት አለበት፣ ቆሞ ወደ ራሱ የሚስብ ሰው ካፑን በጎኑ ይነቅለዋል። የሌላኛው እጅ አውራ ጣት ካፑ ላይ፣ ሌባ ጣት ቆዳው ላይ ይቀመጣል፤ ቆዳው ብቻ እየመጣ አጥንቱ ካልወረደ ከጌጁ በፊት ጣት ያውቀዋል። ካፑን እንደ ቁልፍ አዙሮ ጭንቅላቱን ለማዞር መሞከር ፈጽሞ የለም። ጠርዙ እንደ ቆርቆሮ አፍ ቆዳውን ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ጭንቅላቱ ሲወርድ ራሱ ይዞራል።

የሚቆምበት

ሦስት ጉተታ። በየጉተታው ጭንቅላቱ መውረድ አለበት። ከሦስተኛው በኋላ ልጁ ፔሪኒየም (በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ) ላይ ከደረሰ ጥቂት ቀስ ያለ ጉተታ ይጨመራል። ካልወረደ ይቆማል። ካፑ ሁለት ጊዜ ከተላቀቀ ይቆማል። 30 ደቂቃ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እኛ ግን 20ን እንደ ጣሪያ መያዙን እንመርጣለን።

እዚህ ላይ ብዙ ቦታ የሚሰማ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ አለ፦ «ጉልበት ከበዛ ካፑ ራሱ ይለቃል፣ ልጁን ይጠብቀዋል።» አይጠብቀውም። ካፑ በኃይል ሲላቀቅ ቆዳው ድንገት ተጎትቶ ድንገት ይለቀቃል፣ ከአጥንቱ የሚያላቅቀውም ይኸው መንቀጥቀጥ ነው። ካፑ ሲለቅ የሚሰማው «ጧ» የሚለው ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በወረቀትም ይመዝገብ። መዝገቡ ላይ አራት ነገር ይግባ፦ ካፑ የተጫነበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ የጉተታው ብዛት፣ የመላቀቁ ብዛት። አምስተኛውን ልጁ ራሱ ይዞት ይመጣል፦ አናቱ ላይ የቀረው ክብ እብጠት። መሐሉ በመጋጠሚያው መስመር ላይ ከሆነ ካፑ ቦታው ነበር። ወደ ጆሮው ካዘመመ ወይም የፊተኛውን እርግብግቢት ከነካ፣ ያ ልጅ ጠበቅ ያለ ክትትል ያስፈልገዋል፣ የሠራው ሰው ማን ይሁን ማን።

የእጅ ፓምፕ ያለው ካፕ በአንዳንድ ጥናቶች ከአሮጌው ይልቅ ሳይሳካ የመቅረቱ ነገር በዝቶ ታይቷል። ለዚህ ነው «ሌላ ካፕ ክፈትልኝ» የሚለው ፈተና የሚመጣው። ሁለተኛው ካፕ የመጀመሪያውን ጉተታ አይሰርዝም፤ ቆጠራው ይቀጥላል።

ደሙ የት ይሄዳል

የራስ ቅል ቆዳ ሥር ጋሊያ የሚባል ጠንካራ ሽፋን አለ። በእሱና አጥንቱን በለበሰው ስስ ሽፋን መካከል ያለው ቦታ ልቅ ነው፤ ከቅንድብ እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚያግደው ነገር የለም። በዚያ ቦታ ውስጥ በአጥንቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ቀጫጭን ደም መላሽ ሥሮች ያልፋሉ። ቆዳው ሲጎተት እነሱ ይቀደዳሉ። ሐኪሞች ሰብጋሊያል ደም መፍሰስ የሚሉት ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት በራሳቸው ከተወለዱ 10,000 ሕፃናት 4 ገደማ፣ በቫኪዩም ከተወለዱት 59 ገደማ ይደርስባቸዋል። ብዙ አይደለም፣ ግን የሚገድል ነው። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1998 በ4 ዓመት ውስጥ 12 ሞትና 9 ከባድ ጉዳት ሪፖርት ተደርጎለት ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ያወጣው በቫኪዩም ማዋለጃ መሣሪያዎች ዙሪያ ነው።

ስሌቱን በስኒ እንሥራው። የ3 ኪሎ ሕፃን ጠቅላላ ደም ከ240 እስከ 270 ሚሊሊትር ነው። የጭንቅላቱ ዙሪያ በ1 ሴንቲሜትር ሲጨምር በቆዳው ሥር 40 ሚሊሊትር ገደማ ደም ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ አንዲት የቡና ስኒ የማይሞላ። ለዚያ ልጅ ግን ከጠቅላላ ደሙ ስድስተኛው ሄዷል፣ ለአዋቂ ሰው 800 ሚሊሊትር እንደማጣት ነው። በ2 ሴንቲሜትር ሲሦው ሄዷል። ልቅ የሆነው ቦታ ደግሞ የልጁን ደም ሁሉ ለመያዝ አይጠብም። ጠብታ ደም ውጭ ሳይታይ ልጅ የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስት እብጠቶች

ባለሙያም ቤተሰብም የሚደናገረው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ካፑት፣ ማለትም በምጥ የሚመጣው የቆዳ እብጠት፣ እና ካፑ የሚተወው ክብ እብጠት ናቸው። ሲወለድ አሉ፣ ሲጫኑት እንደ ሊጥ ጣት ይጎደጉዳል፣ መስመሩን ያልፋል፣ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይቀንሳል። የካፑ ምልክት ባብዛኛው በ18 ሰዓት ውስጥ ይወርዳል፣ ካፑቱም በ2 ወይም በ3 ቀን።

ሁለተኛው ሴፋልሄማቶማ ነው። ደሙ ያለው ከአጥንቱ ሽፋን ሥር ስለሆነ በአንድ አጥንት ላይ ብቻ ይወሰናል፣ መጋጠሚያውን አያልፍም፣ ጠርዙ በጣት ይለያል፣ ጠንከር ይላል። ሲወለድ ላይታይ ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ለሳምንታት ይቆያል። የሚያሰጋው ልጁ ቢጫ መሆኑ ነው እንጂ ደሙ ማለቁ አይደለም።

ሦስተኛው የምንፈራው። መጋጠሚያውን ያልፋል፣ ጠርዝ የለውም፣ ሲነካ ግማሽ ድረስ ውሃ እንደተሞላ አቁማዳ ይናወጣል። ልጁ ወደ ግራ ሲተኛ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲተኛ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ፦ ይጨምራል። ሌሎቹ ይቀንሳሉ፣ ይህ ይጨምራል። እየባሰ ሲሄድ ጆሮዎቹን ወደ ፊት ያወጣቸዋል፣ የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ዘግይቶም ከጆሮ ጀርባ ይጠቁራል። ከእብጠቱ ቀድሞ ግን ልጁ ራሱ ይናገራል፦ ይገረጣል፣ የልብ ምቱ ከ160 ይበልጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ጡት መሳብ ይተዋል፣ ይልፈሰፈሳል ወይም ይነጫነጫል፣ ደረቱን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ጠይም ልጅ ሲገረጥ በቆዳው ላይ ላይታወቅ ስለሚችል ከንፈሩን፣ ድዱን፣ የእግሩን መዳፍ እዩ።

ኮፍያውን ማንሳት

በቫኪዩም የተወለደ ልጅ ሁሉ 1 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ ጭኑ ላይ ይወጋል። የጭንቅላቱ ዙሪያ እንደተወለደ ወዲያው ይለካል። ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ቀጥሎ ከተወለደ 12 ሰዓት እስኪሞላው በየ2 ሰዓቱ፦ ጭንቅላቱ በእጅ ይዳሰሳል፣ ዙሪያው ይለካል፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና ቀለም ይመዘገባል። ሦስት ጉተታ የሞላበት፣ ካፑ የተላቀቀበት፣ ከ20 ደቂቃ ያለፈበት፣ በ5ኛው ደቂቃ አፕጋሩ (ለአራስ ሕፃን ሁኔታ ከ10 የሚሰጠው ነጥብ) ከ7 በታች የሆነበት ልጅ ከእነዚህ አንዱም አይዘለልበትም። የመጀመሪያው ልኬት ጭንቅላቱ በምጥ የተጨፈለቀ ስለሆነ ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

የሚያስቸግረው ኮፍያው ነው። ሐረር ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ ድሬዳዋም ቢሞቅ ልማድ ስለሆነ፣ አያት መጀመሪያ የምታደርገው ኮፍያ ማልበስ ነው፣ እብጠቱንም ከጎብኚ ዓይን ይሸፍናል። መከልከል ጠብ ያመጣል። ልጁን በእናቱ ደረት ላይ አስተኝቶ ከላይ ማልበስ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ከዚያም «እማማ፣ ኮፍያውን በየጊዜው እናነሳዋለን፣ እርስዎም አብረውን ይዩት» ማለት ይሻላል። አያት የምታየውን ለውጥ ተረኛው ላያይ ይችላልና ዓይናቸው ይጠቅማል። ቅቤ ግን አይቀባም። ጭንቅላት «ለማስተካከል» ማሸትም የለም፦ የተቀደደው ሥር ላይ እጅ መጫን ደሙን ያበዛል። በሰባተኛው ቀን ፀጉር ለሚላጭለት ልጅ ቁስሉ ካልደረቀ ወይም እብጠቱ ካልወረደ ምላጩ ይዘግይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየትን ይመክራል። በቫኪዩም ለወለደች እናት ይህ ሰዓት መቆረጥ የለበትም፣ አልጋ ቢጠብም።

ከተጠረጠረ

መርፌ አስገብቶ ደሙን መምጠጥ የለም። ጭንቅላቱን በፋሻ አጥብቆ መጠቅለልም የለም። ልጁ ይሞቃል፣ ኦክስጅን ያገኛል፣ ስኳሩ ይለካል፣ የደም ሥር ይከፈትለታል፤ እጁ ላይ ካልተገኘ በእትብቱ። ኖርማል ሳላይን በኪሎ 10 ሚሊሊትር፣ ለ3 ኪሎ ልጅ 30 ሚሊሊትር። ይህ ጊዜ መግዣ ነው፣ የሚያድነው ደም ነው፤ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊሊትር፣ ጊዜ ከሌለ ኦ ኔጋቲቭ። ስለዚህ ስልኩ ሳላይኑ እየገባ ይደወላል እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም። ከጤና ጣቢያ የሚላክ ከሆነ ድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ከልጁ ጋር የእናትየው የደም ናሙናና ያ አራት መስመር ያለው መዝገብ ይሂድ። የመጀመሪያው የሂማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ መጠን) ውጤት ደህና መስሎ ቢመጣ አትዘናጉ፤ ደም ሲፈስ ቁጥሩ ወዲያው አይወርድም፣ ከሰዓታት በኋላ ይደገም።

ያለፈለት ልጅ የተጠራቀመውን ደም ሰውነቱ ሲያፈርሰው ቢጫ ይሆናል። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ቢሊሩቢኑ (ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ይታይ። የድሬዳዋ ፀሐይ ቢጫነትን የሚያክመውን የፎቶቴራፒ መብራት አይተካም፣ ልጁን ያደርቀዋል።

ስለ ዕጥበቱ

የአንድ ጊዜውን አጥቦ ደግሞ መጠቀም የትም አለ፤ የሚደረግበት ምክንያት ይገባናል፣ ግን አንደግፈውም። ደምና የልጁ ነጭ ቅባት ካፑ ውስጥ ያለውን ማጣሪያና ቀጭኑን ቱቦ ይደፍናል። ያን ጊዜ ጌጁ አረንጓዴ ያሳያል፣ ካፑ ግን ያን ያህል አልያዘም፤ መርፌው ዋሸ ማለት ነው። ይላቀቃል፣ ጥፋቱም በአዋላጁ ይላከካል። እንደገና መጠቀም ግድ የሚሆንበት ተቋም ሐቀኛው ምርጫ የብረት ካፕ ነው፦ ይታጠባል፣ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ይገባል፣ ሰንሰለቱ ይፈተሻል። በ0.5 በመቶ ክሎሪን ከ10 ደቂቃ በላይ ማቆየት ብረቱን ይበላዋል፣ የተበላ ጠርዝ ደግሞ ቆዳ ይቆርጣል።

ነጥብ እንስጥ ከተባለ፦ አያያዙና ፍጥነቱ ከአምስት አምስት፣ ፊቱ ወደ ላይ ለሆነ ልጅ አራት፣ በከፍታ ቦታ ስለ ጌጁ የሚሰጠው መረጃ ሁለት። ለጤና ጣቢያ በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ይኑር፤ አንዱ ሲፈተሽ የሚያፈስ ሆኖ ይገኛል፣ አንዱ መሬት ይወድቃል። ግዢ ሲጠየቅ በዚያው ቅጽ ላይ ቫይታሚን ኬና የማይለጠጥ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሜትር ይጨመር። የልብስ ሰፊ የጨርቅ ሜትር ይለጠጣል፤ ያችን 1 ሴንቲሜትር ይውጣታል።